የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ በፎቶግራፍ አንሺዎች ፊት

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ወደ ሊማሊሞ የሚያወርደውን መንገድ የሚያውቁ አንባቢዎቻችን፤ ከደባርቅ በስተ ምሥራቅ በስሜን ደጋ የምትገኘውን ደረስጌ ማርያምን በስም ሳይሰሙ አይቀሩም። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ያሠሯትም ሊነግሡባት እንደ ነበር ይነገራል። ነገር ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው ማረኳቸውና፤ ለውቤ በተሰናዳው ቤተ ክርስቲያን እሳቸው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ዛሬ ታሪኩን የምናወሳው ልዑል ዓለማየሁ በአባቱ የኚህ ንጉሠ ነገሥት ልጅ፤ በእናቱ የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ ነው።

ስለ ዓለማየሁ አሳዛኝ ሕይወት ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ በተለይ ልንመለከተው የፈለግነው የፎቶግራፉን ነገር ነው። መልኩን ማን አነሣው? በማን ፈቃድ አነሣው? ባለመብቱስ ማን ሆነ?

በአገራችን የቆየ ልማድ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ መኰንን ሠዓሊውን ቀለቡንና ደመወዙን ሰጥቶ ያሠራዋል፤ የገዛ መልኩንም ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ ሲለምን ያስቀርጻል። እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው ከፋዩ ነው። ደጃዝማች ውቤም ለእጅ ሥራና ለሥዕል ግድ ያላቸው ሰው እንደ ነበሩ የሚያሳየው፤ ኤድዋርድ ዛንደር የተባለውን ጀርመናዊ ሠዓሊ በቤታቸው አኑረው ማሠራታቸው ነው። የልጅ ልጃቸው ዕድል ግን ከዚህ የተለየ ሆነ።

እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ አባታቸው በእስር ላይ ሳሉ ለአሳሪያቸው የተዳሩ ወይዘሮ ናቸው። ዓለማየሁ የተወለደው ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲገድሉ ሰባት ዓመት ሊሞላው ዐሥር ቀን ቀርቶት ነበር። የእንግሊዝ ጦር እናትና ልጁን ይዞ ወደ ባሕር ሲመለስ እቴጌይቱ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ዐረፉና እንደርታ ውስጥ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ከልጁ ጋር የተነሡት አለቃ ዘነብም እንግሊዝ አገር ሳይደርሱ እንዲመለሱ ተደረገ። ስለዚህ ሕፃኑ በአደራ የቀረው በሻምበል እስፒዲ እጅ ነው። ሻምበሉ ቁመታቸው ሁለት ሜትር ያህል የሆነ፤ ቀድሞ በቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገሉ፤ አማርኛ የሚናገሩ ሰው ስለ ነበሩ አገሬው ባሻ ፈለቀ ይላቸው ነበር።

በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. ፌሮዝ በተባለች መርከብ እንግሊዝ አገር ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን በዋይት ደሴት በሚገኘው ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት፤ ወደዱትም። በዚያው ደሴት ላይ ሚስስ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የሚባሉ፤ በ48 ዓመታቸው ከልጃቸው የፎቶግራፍ መኪና በስጦታ ተቀብለው ሥራውን የጀመሩና ብዙም ሳይቆይ ስማቸው የገነነ ወይዘሮ ይኖሩ ነበር። ዓለማየሁን፤ ሻምበል እስፒዲንና ካሣ የተባለውን አገልጋይ በዚያው በጋ አነሧቸው። ሻምበሉ የሐበሻ ልብስ ለብሰዋል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው በመድኃኒት በረጠበ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ ሲሆን፤ ሚስስ ካሜሮን የሚያነሡት ሰው ከ3 እስከ 7 ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። እናቱ ከሞቱ ገና ሁለት ወር የሆነው ልጅ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ፎቶግራፉን ያየ ሰው በፊቱ ላይ የሚያነበውን ለአንባቢው እንተወዋለን።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። እንግሊዞች በ1854 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ፎቶግራፍን እንደ ሥዕል ቈጥረው ለሠሪው መብት ሰጥተውት ነበር። ሕጉ እንዲህ ይሠራል፤ አንድ ሰው ዋጋ ከፍሎ ፎቶግራፍ ካስነሣ፤ በጽሑፍ ሌላ ውል ከሌለ በቀር፤ የማባዛት መብቱ የከፋዩ ነው። ሳይከፍል የተነሣ ግን ምንም መብት የለውም፤ መልኩ የራሱ ቢሆንም ቅሉ ሥዕሉ የአንሺው ነው። አንሺውም በለንደን በሚገኘው የመጻሕፍት አታሚዎች ማኅበር መዝገብ አንድ ሽልንግ ከፍሎ ካስመዘገበ፤ ያለ ፈቃዱ የሚያባዛውን ሁሉ ሊከስ ይችላል። ሚስስ ካሜሮን በዚህ ረገድ ንቁ ነበሩ። በዘመናቸው 5 መቶ ያህል ፎቶግራፎች አስመዝግበዋል፤ ኮልናጊ በተባለው የለንደን የሥዕል ነጋዴ በኩልም ይሸጡ ነበር። በዚህ አንነቅፋቸውም፤ የመድኃኒቱና የወረቀቱ ወጪ ብዙ ነው፤ ሠራተኛም የድካሙን ዋጋ ማግኘት ይገባዋል። ዛሬም በሙዚቃ ትርዒት አዳራሽ ዘፋኙን የሚያነሣ ባለሙያ፤ ዋጋውንና ሥዕሉ የሚውልበትን ነገር አስቀድሞ ተነጋግሮ ቢዋዋል ብልህ እንለዋለን። ጭንቁ ያለው በሌላው ወገን ነው። ለመዋዋል ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ በዚያ ቀን ከመኪናው ፊት የተቀመጠው ግን እንግሊዝኛ የማይሰማ የሰባት ዓመት ምርኮኛ ነበር። ሊናገርለት የሚችለውም ሞግዚቱ አብሮት የተነሣው ባሻ ፈለቀ ነው።

ራይድ በተባለው ከተማ የነበረው ጄቤዝ ሂዩዝም አነሣው። ይህኛው ሥዕል በእጅ መዳፍ በምትያዝ ካርቶን ላይ የሚለጠፍ ዓይነት ነው። በዚያን ጊዜ የነገሥታትንና የታወቁ ሰዎችን ካርድ እየገዙ በአልበም መሰብሰብ በእንግሊዝ አገር እንደ ወረርሽኝ ይዞ ነበርና፤ የቴዎድሮስ ልጅ ከጌቶችና ከጀኔራሎች ጎን በማያውቃቸው ሰዎች ሳሎን ተቀመጠ። በዚህ በኩል ደግሞ የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ስለ ልጅ ልጃቸው ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር።

የቀረው ሕይወቱ አጭር ነው። ከእስፒዲ ጋር ወደ ህንድና ወደ ፔናንግ ሄደ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግን ከሚወደው ሰው ለይቶ መለሰውና ቼልትናም ለዶክተር ጄክስ ብሌክ ተሰጠ። ከዚያም ራግቢ፤ ቀጥሎም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ደስታ አላገኘበትም። በመጨረሻ ሊድስ ሳለ ሳንባውን ታመመ፤ መርዝ ሰጡኝ ብሎ ስለ ሠጋ ምግቡንም መድኃኒቱንም እንቢ አለ፤ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ። በንግሥቲቱ ትእዛዝ በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበረ።

ሚስስ ካሜሮን ከእሱ ቀድመው፤ በጥር 1871 ዓ.ም. ሴሎን ደሴት ላይ ሞተው ነበር። ያነሣነው ሕግ የሠሪውን መብት ከሞተ በኋላ ሰባት ዓመት ያቆየዋል፤ ስለዚህ ያስመዘገቡት ሥዕል መብት እስከ ጥር 1878 ዓ.ም. ለወራሾቻቸው ጸና ማለት ነው። ልጁ ከተቀበረ ከስድስት ዓመት በኋላም መልኩ የሰው ንብረት ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው ቁጥር ይህን ነገር በሌላ መንገድ ደንግጎታል። የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየት፤ ማባዛትም ሆነ መሸጥ አይቻልም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ግን ለታወቀ ሰው፤ ለሕዝብ ሹመኛና በአደባባይ ለሚደረግ ሥነ ሥርዓት ልዩ ሁኔታ ያበጃል። አንድ ጠበቃ ዓለማየሁ የታወቀ ሰው ነበር ብሎ ሊከራከር ይችል ይሆናል። ታዋቂነቱ ግን ከመቅደላ መማረኩ ነው፤ እኛም ዳኛ ብንሆን ይህን ክርክር ለመቀበል እንቸገር ነበር።

ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1999 ዓ.ም. ዐፅሙ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም በማለት እንደማይሰጥ አስታወቀ። ፎቶግራፎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ተቀምጠዋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በሻምበል እስፒዲ ዘመዶች ዘንድ ተጠብቆ የቆየ የጠጉሩ ቁራጭ ለንደን ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ለኢትዮጵያ ተመልሷል።