ብላቴን ጌታ ኅሩይ፣ ጃፓንና የ«ወዳጅ አገር» ነገር

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በደራሲነታቸው ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚስበኝ ዲፕሎማትነታቸው ነው። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ከተማርኩት ኢኮኖሚክስ ጋር የሚዛመድ ሐሳብ ነው።

አሜሪካዊው ምሁር ኬነዝ ዋልትዝ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ መዋቅራዊ ሪያሊዝም የሚባለውን ንድፈ ሐሳብ ሲያቀርብ ምሳሌውን የተበደረው ከማይክሮኢኮኖሚክስ ነው። ገበያ ውስጥ ነጋዴው ደግ ሆነ ክፉ፣ እጁን የሚይዘው ውድድሩ ነው። አገሮችም እንደዚያው ናቸው። ከበላያቸው ሆኖ የሚዳኛቸው መንግሥት ስለሌለ እያንዳንዱ ራሱን ለማዳን ይሯሯጣል። ስለዚህ ከመሪው ጠባይ ይልቅ የአቅም ክፍፍሉ ይወስናል። ወደ ኋላ የቀረም የተሳካለትን ካልኮረጀ ይጎዳል።

ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ኅሩይ ዋልትዝ ከመጻፉ ከአርባ ዓመት በላይ ቀድመው ተረድተዋት ነበር። በ1870 ዓ.ም. መርሐቤቴ ውስጥ የተወለዱ፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞሩ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ጃፓን ሄዱ፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ ጻፉት። ንጉሠ ነገሥቷን ሳታጣ ፋብሪካና ዘመናዊ ጦር የገነባች፣ ራሺያን ያሸነፈች የእስያ አገር ነበረች። ሐምሌ 1923 የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም አርአያ ያደረገው የጃፓንን ነበር።

ሐሳቡ ልክ ነበር፤ ያልነበረው ጊዜ ነው። ጃፓን ከሜይጂ ለውጥ አንስታ ራሺያን እስክታሸንፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ አግኝታለች። ከኅሩይ ጉዞ እስከ ጣሊያን ወረራ ግን አራት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም።

ወዳጅነቱስ? በ1927 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲቃረብ ብዙ ጃፓናውያን ለኢትዮጵያ ተቆርቁረው ነበር። በሮም የነበሩት የጃፓን አምባሳደር ግን መንግሥታቸው ጣልቃ እንደማይገባ ለሙሶሊኒ ነገሩት። በ1929 ዓ.ም. ጃፓን የጣሊያንን ወረራ ተቀበለች፤ ጣሊያንም በበኩሏ የጃፓንን የማንቹሪያ ይዞታ ተቀበለች። አንተም ተው፣ እኔም ልተው ዓይነት ንግድ ማለት ነው።

እንግሊዝና ፈረንሳይም ከዚህ አልተሻሉም። ሂትለርን ስለፈሩ ጣሊያንን ከጎናቸው ማቆየት ፈለጉ። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅ አልተካተተም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቀረ። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ነበረች፣ ሕጉም ከእሷ ጋር ነበር። ሕጉን የሚያስፈጽም ክንድ ግን አልነበረም።

ኅሩይ በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። የተማሩት ልጃቸው ፍቃደ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። አባትየውም መስከረም 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ውስጥ፣ ነፃነትን ሳያዩ አረፉ።

ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። ያቺው ኢትዮጵያን የተወቻት እንግሊዝ አሁን ኢትዮጵያ አስፈለገቻት፤ በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። የለንደን ሰዎች በአንዴ ደግ ሆነው እኮ አይደለም፤ የሚፈሩት ነገር ስለተቀየረ ነው።

እዚህ ላይ ግን ንድፈ ሐሳቡ ብቻውን አይበቃም። መዋቅሩ በሩን ከፈተ እንጂ በበሩ የሚገባውን አላዘጋጀም። አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ ጫካ ውስጥ ባይዋደቁ ኖሮ፣ ለእንግሊዝ ኢትዮጵያ ከጠላት የሚማረክ መሬት ብቻ በሆነች ነበር።

ዛሬም በየማኅበራዊ ሚዲያው ቻይና ወዳጃችን ናት፣ አሜሪካ ከዳችን፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ እንዲህ ናቸው እያልን እንከራከራለን። የኅሩይን ሕይወት ሳይ ይህ ክርክር ባዶ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለብን ይወዱናል ወይ ብለን ሳይሆን ማንን ይፈራሉ፣ ምን ይፈልጋሉ ብለን ነው። ይህን ካወቅን በኋላ ደግሞ ዋናው ሥራ የራሳችን ነው፤ ኅሩይ ጃፓን ላይ አይተው ጊዜ ያጡለትን አቅም፣ ጊዜ ሳለ መገንባት።