ዲስኩን የወለደው መምህር

በዚህ ዓምድ ከሕግና ከአስተዳደር ጉዳይ ብዙም ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ ግን አንዲት የብረት ሳጥን አስገድዳኛለች።

ከአንድ ወዳጄ ጋር የምንጋራት፣ አምስት ሠራተኞች ያሏት አነስተኛ የማማከር ቢሮ አለችን። የደንበኞቻችንን ውሎች፣ አቤቱታዎችና ደብዳቤዎች የምናስቀምጥበት ሰርቨር ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ጠቅ ጠቅ ሲል ቆየና ጭራሹኑ ዝም አለ። ውስጡ የነበረው ሃርድ ዲስክ አንድ ብቻ ነው። አንድ ብቻ እንዲሆን የወሰንኩትም እኔው ነኝ፤ ገንዘብ የቆጠብኩ መስሎኝ። የስድስት ዓመቱን ሰነድ ግማሹን ከኢሜይልና ከፍላሽ ለቃቅመን አገኘን። ቀሪው በወረቀት ካልተገኘ የለም። ለደንበኛ ይህን መንገር ምን እንደሚመስል የሕግ ባልንጀሮቼ ያውቁታል።

አዲስ ዲስክ ልገዛ ገበያ ስወጣ ደግሞ የገባሁበት ሱቅ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስንት ቴራባይት እንደምፈልግ ብቻ ሆነ። ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ፋይል እንደሚከፍት፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ፣ ዕቃው ሲሞት ሥራችን እንዴት እንደሚቀጥል የጠየቀኝ የለም። ቤቴ ተመልሼ ስለዚህ ዕቃ አመጣጥ ማንበብ ጀመርኩ። የጠበቅኩት የፋብሪካ ታሪክ ነበር፤ ያገኘሁት ግን የአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሕይወት ነው።

በሙያው ሰዎች ዘንድ የሃርድ ዲስክ አባት ተብሎ የሚታወቀው ሬይኖልድ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ዘሩ ከስዊድን ከሚመዘዝ ቤተሰብ ተወለደ። ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት አስተዳደር የተመረቀው በ1929 ነው። የአሜሪካ ኢኮኖሚ የተንኮታኮተበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ሥራ ያገኘው በሚሺጋን ግዛት፣ አይረንዉድ በምትባል የብረት ማዕድን ከተማ ሲሆን የተሰጠው ሥራም ሳይንስ ማስተማር ነበር።

አስተማሪ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው የሙያው መከራ ማስተማሩ ሳይሆን ማረሙ ነው። ጆንሰንም ማታ ማታ የፈተና ወረቀት ሲያርም አንድ የልጅነት ተንኮሉ ትዝ አለው። ታላላቅ እህቶቹን ፈልገው በመኪና የሚመጡ ጎረምሶች ነበሩ። ጆንሰን የመኪኖቻቸውን ካንዴላ በእርሳስ ይጭረዋል። የእርሳስ ጭረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ብልጭታው በጭረቱ በኩል እየሾለከ መኪናው አልነሳም ይላል። እንግዲህ በእርሳስ የተጠቆረች የመልስ ቦታ ኤሌክትሪክ የምታስተላልፍ ከሆነ፣ ትክክለኛውን መልስ ከስህተቱ ለይቶ የሚቆጥር ማሽን ለምን አይሠራም? አንዱ ተማሪ አድምቆ፣ ሌላው አሳስቶ ማጥቆሩ ቆጠራውን እንዳያዛባም የወረዳውን መቋቋሚያ ከፍ በማድረግ መላ ዘየደለት።

በአስቸጋሪው የሥራ አጥነት ዘመን ማሽኑን ይዞ አይቢኤምን ቢጠይቅ መጀመሪያ ተቀባይነት አላገኘም። በኋላ ግን ኩባንያው ሐሳቡን ገዝቶ በ1934 ባለቤቱንም ቀጠረው። በ1937 የወጣው አይቢኤም 805 የፈተና ማረሚያ ማሽን የዚያ ፍሬ ነው። ሠራተኛው ወረቀቱን ያስገባል፤ ውጤቱን በመርፌ ጠቋሚ ያነባል። እኛ ማትሪክ የተፈተንን ሰዎች እርሳስ ቀርጸን፣ ላጲስ በክር አስረን፣ ከክቧ እንዳይወጣብን እየተጨነቅን ስናጠቁር የዚህን ሰው ስም የነገረን አልነበረም። በኋላ የመጡት ማሽኖች በኤሌክትሪክ ፋንታ በብርሃን ማንበባቸው ብቻ ነው ልዩነቱ።

ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ ስሙን ለማስጠራት በበቃው ነበር። በ1952 ግን አይቢኤም ጆንሰንን ወደ ካሊፎርኒያዋ ሳን ሆሴ ላከው። የታዘዘው በትንሽ የሰው ኃይል አዲስ ቤተ ሙከራ እንዲከፍት፣ ሌሎቹ ቤተ ሙከራዎች የሚሠሩትን ግን እንዳይደግም ነው። ሕንጻ ተከራይቶ መሐንዲሶች ሰበሰበ። ያወጣው ደንብ ለቢሮ አለቆች ሁሉ ቢደርስ ደስ ባለኝ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሌላውን ሥራ እንዲያውቅ፣ ባልንጀራው እርዳታ ሲጠይቀውም የራሱን ሥራ አቁሞ ቅድሚያ እንዲሰጠው አዘዘ።

የያዙት ችግር የመዝገብ ቤት ችግር ነበር። በዚያ ዘመን የኩባንያ መረጃ ሁሉ በተበሳ ካርድ ላይ ይቀመጣል። አንዲት ካርድ ለማግኘት ሠራተኛዋ በካርድ ወደተሞሉ ገንዳዎች ሄዳ በእጇ ትፈልጋለች፤ ካልሆነም ሺዎቹ ካርዶች በተራ በማሽን እስኪያልፉ ይጠበቃል። ማግኔታዊ ቴፕም ቢሆን ከዚህ አያድንም። በካሴት ዘመን የኖረ አንባቢ የሚወደው ዘፈን መጨረሻ ላይ ከሆነበት በቢክ እስክሪብቶ ምን ያህል እንዳጠነጠነ ያስታውሳል። የአሜሪካ አየር ኃይልም የዕቃ ግምጃ ቤቶቹን ሒሳብ ወዲያው ወዲያው የሚያሳይ ማሽን ይፈልግ ነበር። ጆንሰን ሰዎቹን ይዞ ሱቅና መጋዘን ያለው ሠራተኛ መረጃ የሚፈልገው በተራ ሳይሆን እንደ አመጣጡ መሆኑን ተረዳ። ቴፑን፣ ሽቦውን፣ ከበሮ መሰሉን ሲሊንደር ሁሉ መዘኑና በ1953 የሚሽከረከር ዲስክን መረጡ። ሸክላ ማጫወቻ ላይ መርፌውን አንስቶ የፈለጉት ዘፈን ላይ እንደማሳረፍ ማለት ነው።

መምረጡ ቀላል፣ መሥራቱ ከባድ ነበር። ዲስኩን የሚሸፍነው የብረት ዝገት ያለበት ቀለም እኩል መዳረስ አለበት። መላው የተገኘው ቀለሙን በሴት ስቶኪንግ አጥልሎ፣ በወረቀት ኩባያ እየለኩ በሚሽከረከረው ዲስክ መሐል ላይ በማፍሰስ ነው። ማንበቢያው ራስ ዲስኩን እንዳይነካ ደግሞ የታመቀ አየር እየነፉ ከፍ አደረጉት። በየካቲት 1954 (እ.ኤ.አ.) አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ዲስክ ላይ ጽፈው መልሰው አነበቡት።

በመስከረም 1956 (እ.ኤ.አ.) ራማክ የተባለው ማሽን ለዓለም ታወጀ። ዲስኩ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። 50 ሳህኖች፣ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው፣ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞራሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነው፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶግራፍ ትሞላዋለች። የማሽኑ የወር ኪራይ 3,200 ዶላር ነበር። ያም ሆኖ ከ1,000 በላይ ተሠርቷል፤ የትኛውንም መረጃ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያገኝ ነበርና። በ1959 የሶቪየቱ መሪ ክሩስቾቭ የሳን ሆሴውን ፋብሪካ ሲጎበኝ የበለጠ የማረከው ራሱን በራሱ የሚያስተናግደው የሠራተኞች ካፍቴሪያ ነበር ይባላል።

ጆንሰን ከ90 በላይ ፓተንቶች አሉት። ለተማሪ እጅ እንዲያመች ብሎ ሰፊውን የቪዲዮ ቴፕ ከሁለት ከፍሎ ካሴት ውስጥ የከተተውም እሱ ነው። በ1971 ጡረታ ከወጣ በኋላ ወደ መነሻው ተመልሶ የትምህርት መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፤ ሕፃናት ሲነኩት የሚናገር መጽሐፍም ሠራ። በ1986 ከፕሬዚዳንት ሬጋን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ተቀብሏል። በመስከረም 1998 (እ.ኤ.አ.) በፓሎ አልቶ በ92 ዓመቱ አረፈ።

እነሆ የገበያው ጣጣዬም ከዚህ በኋላ ተፈታ። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው ሃርድ ዲስክ ዛሬም የጆንሰን ዲስክ ነው፤ የሚሽከረከር ሳህን፣ ከላዩ የሚንሳፈፍ ራስ። ልዩነቱ ራሱ የሚንሳፈፍበት ከፍታ ከአቧራ ቅንጣት እጅግ ማነሱ ነው። ግጭት፣ ድንገተኛ የመብራት መቆራረጥና እርጅና ቀን ጠብቀው ይጥሉታል። ስለዚህ ጥያቄው ይሞታል ወይ ሳይሆን ሲሞት ምን ይተርፈናል የሚል መሆን ነበረበት።

ሁለት ዲስኮች ገዛን፤ አንዱ የሌላው መስታወት ሆኖ እንዲጻፍ፣ ባለሙያዎቹ ሬይድ 1 የሚሉት። ከአንድ ካርቶን የወጡ መንትዮች አብረው ሊታመሙ ይችላሉና ከተለያዩ ሱቆች ወሰድናቸው። ለቤት ኮምፒውተር የተሠራውን ትተን ለሰርቨር የተሠራውን መረጥን። የቤቱ ዓይነት አንዲት የተበላሸች ነጥብ ሲያገኝ ደጋግሞ ሲሞክር ስለሚቆይ ሰርቨሩ የሞተ መስሎት ያስወጣዋል። የሰርቨሩ ዓይነት ግን ቶሎ ተስፋ ቆርጦ ሥራውን ለመንትያው ይተዋል። ሌላው ያስጠነቀቁኝ ነገር መረጃውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አደራርበው የሚጽፉትን ዲስኮች ነው። ርካሽ ናቸው፤ አንዱ ሞቶ ሌላው እንደገና ሲገለበጥበት ግን እጅግ ይዘገያሉ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) አንዳንድ አምራቾች ይህን ሳይገልጹ መሸጣቸው ታውቆ ብዙ አነጋግሯል። እንግዲህ ከመግዛት በፊት የሞዴል ቁጥሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ማመሳከር ነው።

የሒሳብ ፕሮግራሙንና ሰርቨሩን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር የሚሽከረከር አካል በሌለው ኤስኤስዲ ላይ አደረግን፤ በየደቂቃው የሚነካካው እሱ ነውና ፍጥነት ያስፈልገዋል። የማኅደሩ ክምችት በሃርድ ዲስኮቹ ይቀመጣል። ለእያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ በላይ እንድወስድ የወተወተኝ ሻጭ አልተሳካለትም። የተረፈው ገንዘብ ለዩፒኤስ ዋለ።

መስታወት ግን ስህተትንም ያሳያል። አንድ ሠራተኛ ፋይል ቢደመስስ ከሁለቱም ይጠፋል፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባም ሁለቱንም ይቆልፋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የደንበኛን መረጃ በአግባቡ መያዝ የሕግ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ ሦስተኛ ዲስክ ገዝተን በይለፍ ቃል አመሰጠርነው። ዓርብ ዓርብ ቅጂ ይወሰድበትና ከሰርቨሩ ተነቅሎ ወዳጄ በቦርሳው ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰኞ ይዞት ሲመጣ በር ላይ የምጠይቀው ስለ ዲስኩ ነው፤ ስለ ጤናው የምጠይቀው ቀጥዬ ነው።