ዋልተር ሂፕና የባዝራ ዘር

በደብረ ታቦር ደጋ፣ በጉና ተራራ ግርጌ፣ መልካም ባዝራ ያለው ገበሬ አንድ አስቸጋሪ ምርጫ ይገጥመዋል። ባዝራ አሥራ አንድ ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ከወንድ አህያ ጋር ከተጠቃች ለአቀበትና ለቁልቁለት የታመነች በቅሎ ትገኛለች፤ ነገር ግን በቅሎ መካን ስለሆነች የባዝራዪቱ ዘር በዚያ ዓመት አይተካም። አንዲት እናት በሌሎች ማሕፀን አማካይነት ብዙ ልጆች የምታፈራበትን ጥበብ የጀመረው እንግሊዛዊው ዋልተር ሂፕ ነው።

ሂፕ እ.ኤ.አ. በ1855 ተወለደ። በወጣትነቱ በንግድ ሥራ ቆይቶ ካምብሪጅ ገባና ከፅንስ ሊቁ ከፍራንሲስ ባልፎር ሥር ተማረ። መምህሩ በ1882 በአልፕስ ተራሮች ወድቆ ቢሞትም ሂፕ ምርምሩን አላቋረጠም።

ኤፕሪል 27 ቀን 1890 ከአንዲት የአንጎራ ጥንቸል ሁለት ፅንሶች አውጥቶ፣ ከራሷ ዝርያ ወንድ ጋር ከሦስት ሰዓት በፊት ወደ ተገናኘች የቤልጅግ ጥንቸል አዛወረ። እርስዋም ስድስት ወለደች፤ አራቱ የእርስዋን ዝርያ ሲመስሉ፣ ሁለቱ ረጅም ጠጉር ያላቸው አንጎራዎች ሆኑ። ማሕፀን ለፅንስ ማደሪያ እንጂ ዘሩን የሚለውጥ አለመሆኑ በዚህ ታየ።

ከዚያም ስለ ባዝራዎች ሰው ሠራሽ ማዳቀል ጻፈ፤ በ1900 የእንስሳትን የድራት ዑደት ደረጃዎች ስም ሰጣቸው፤ በ1906 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎች የሚያነሳ የፊልም መሣሪያ በመሥራትም ተሳትፏል። በ1929 አረፈ።

በዓመቱ፣ በ1930፣ ኮልና ሃርት የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በእርጉዝ ባዝራ ደም ውስጥ ዕንቁላልን የሚያበዛ ሆርሞን አገኙ። ይህ ሆርሞን በላምና በበግ ላይ ሲሠራ በባለቤቷ በባዝራ ላይ ግን እምብዛም አልሠራም። የባዝራ ዕንቁላል የሚወጣው በዕንቁላል ዕጢዋ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ጎድጓዳ ስፍራ ብቻ ነው። ከፈረስ ፒቱታሪ ዕጢ የተዘጋጀው ሆርሞን የተሻለ ቢሆንም፣ የሚጨምረው የዕንቁላል ቁጥር ከላም እጅግ ያነሰ ነው። የባዝራ ፅንስ ማዛወር የተሳካውም በ1970ዎቹ፣ በጃፓን ነበር።

ሆርሞኑ ብቻውን ግን አይበቃም። ፅንስ ሰጪዋና ተቀባይዋ ድራታቸው በቀን ካልተቀራረበ ድካሙ ከንቱ ነው።  በጉና ግርጌም የባዝራዎችን የድራት ቀን ሳይመዘግቡ መርፌ ማስቀደም መሠረት ሳይጥሉ ጣራ መክደን ይሆናል።