እቴጌ ምንትዋብና የቁስቋም አዳራሽ

በጎንደር ከተማ ሰሜን ምዕራብ በኮረብታ ላይ የሚገኘው የቁስቋም ግቢ ለሕንፃ ባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት ከፋሲል ግንብ የሚያንስ አይደለም። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

እቴጌይቱ የቋራ ሰው ሲሆኑ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ባለቤታቸው አፄ በካፋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1730 ዓ.ም. ሲሞቱ (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ገና ሕፃን የነበሩትን ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን አነገሡ፤ ራሳቸውም ዘውድ ጭነው መንግሥቱን ይመሩ ጀመር። በ1732 ዐመፀኞች ሌላ ንጉሥ ሰይመው ቤተ መንግሥቱን በከበቡ ጊዜ እናትና ልጅ በቅጥሩ ውስጥ ተዘግተው ሰነበቱ። ከዚህ ወዲህ ነው እቴጌይቱ ከከተማው ራቅ ብለው ቤተ ክርስቲያንና መኖሪያ ያሠሩት። የሰጡት ስም እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብፁ ደብረ ቁስቋም የተወሰደ ነው።

የአዳራሹ ግድግዳ በአካባቢው ጥቁር ድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው። በርና መስኮቱ የተከፈፈው፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፉት መስቀሎችና የእንስሳት ምስሎችም የተቀረጹት ከዚያው አገር ከሚወጣው ለስላሳ ቀይ ድንጋይ ነው። ለጣራና ለወለል ያገለገለው እንጨት ነበር። ያን ጊዜ ደጋው ምን ዓይነት እንጨት ያበቅል እንደነበረ ለመገመት የሚሻ ወደ ደቡብ ጎንደር ወርዶ በአዲስ ዘመን አጠገብ ያለውን የጣራ ገዳምን ደን ይመልከት፤ ወይራውና ጥዱ በገዳሙ ጥላ ሥር ተጠብቆ ኖሯል። በቁስቋም ጌጡ ከግንባታው የተለየ ነገር አይደለም። ቀለሙን የሚሰጠው ድንጋዩ ራሱ እንጂ በላዩ የተቀባ ነገር ስላልሆነ የሚላጥ የለውም። ዛሬ የአፓርትመንት ሳሎን በጂፕሰም ሸፍኖ በሥዕላዊ ወረቀት ድንጋይ ለማስመሰል የሚደክም ባለሙያ ይህን ግድግዳ ቢያይ ሳያፍር አይቀርም።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድም ተሞክሮ ነበር። አፄ ኢያሱ በጎንደር ቤተ መንግሥት አንዱን ክፍል ከሰምርኔስ በመጡ ግሪኮች አሠርተዋል። የግድግዳው ግርጌ በዝሆን ጥርስ ተለበጠ፤ ከዚያ በላይ የቬኒስ መስታወት በወርቅ ቅብ ክፈፍ ተሰቀለ፤ ጣራው ቀለም በተቀባ ሸምበቆ ተሸለመ። ይሁን እንጂ ንጉሡ በ1755 ሲሞቱ ሥራው ሳይፈጸም ቀረ። የዝሆን ጥርስም ሸምበቆም የተፈጥሮ ዕቃ መሆናቸው አይካድም፤ ነገር ግን መስታወቱ ከባሕር ማዶ፣ ሠሪውም ከባሕር ማዶ ስለነበረ፣ አንዱ ቢሰበር የሚተካው አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ጌጥ ዛሬ የተረፈ የለም።

የቁስቋም ቤት እንዴት ይኖርበት እንደነበረ በጥቂቱም ቢሆን የምናውቀው ከስኮትላንዳዊው መንገደኛ ከጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር፣ በእቴጌይቱ ቤት የታመሙትን ልጆች እንዲያክም ተጠራ። በመጀመሪያ ያደረገው ነገር በሮችና መስኮቶችን ሁሉ ማስከፈት ነበር። ቀጥሎም ክፍሎቹን በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ፤ በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። ድንጋይና ኖራ ይህን ሁሉ መታጠብና መታጠን ይችላሉ፤ ወርቅ ቅብ ክፈፍ ግን ሆምጣጤን እንዴት ይችል እንደነበረ መገመት አያስቸግርም።

እቴጌይቱ በዚያ ወቅት ኀዘንተኛ ነበሩ። ከልጃቸው በኋላ የነገሡትን የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን በ1769 ያስገደሏቸው፣ የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ባለቤት የሆኑት ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸው። ሥልጣኑ ከእጃቸው ሲወጣ በቁስቋም ተወስነው ኖሩ፤ በ1773ም ዐረፉ።

በ1880ዎቹ ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቤተ ክርስቲያኑ ጠፋ፤ በኋላ ግን እንደገና ተሠርቷል። የአዳራሹ ጣራና የፎቁ ወለል የሉም፤ ቀይ ድንጋዩና መስቀሎቹ ግን አሁንም ይታያሉ። ግቢው በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅም በዚያው በቁስቋም በአንድነት ይገኛል።