ፕሮፌሰር ዮሴፍ ሃሌቪ እና የሰንዓው መዳብ ሠሪ



በዚህ እትም ስለ ዮሴፍ ሃሌቪ እጽፋለሁ። እሳቸው ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ስማቸውን አንዳንዶቻችን ገና አገር ቤት ሳለን ከሽማግሌዎች አፍ ሰምተነዋል፤ ልጆቻችን ግን አያውቋቸውም። እንድጽፍ ያነሳሳኝ ደግሞ ይሄው የምንኖርበት ሰፈር ነው። ክፋር ማርሞሬክን ያቀኑት የየመን አይሁድ ናቸው። በ1912 መጥተው በኪኔሬት ሐይቅ ዳር ከሰፈሩ በኋላ፣ ከብዙ ድካምና በሽታ ጋር ታግለው፣ በ1930 ከዚያ ተነሡ ተብለው ነው ወደ ረሖቦት የመጡት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ማርሞሬክ የተባለው የሄርጽል ወዳጅ በነበሩት አርክቴክት በኦስካር ማርሞሬክ ነው።

ታዲያ ሃሌቪ ከዚህ ጋር ምን አገናኛቸው? እኝህ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ የኛን አያቶች ቤት፣ ቀጥሎም የጎረቤቶቻችንን አያቶች ቤት አንኳኩተዋል። ከሁለቱም ቤት ይዘውት በሄዱት ነገር ፓሪስ ላይ ፕሮፌሰር ተባሉ።

የተወለዱት በ1827 በኤዲርኔ ነው፤ ያኔ አድሪያኖፕል ትባል ነበር፤ ዛሬ በቱርክ ውስጥ ናት። ኑሯቸው መምህርነት ነበር። በትውልድ ከተማቸው፣ በኋላም ቡካሬስት ውስጥ በአይሁድ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ጥንታዊ ቋንቋዎችን የተማሩት ከሥራ በተረፈ ሰዓት፣ በራሳቸው ጥረት ነው። እዚህ ኡልፓን ውስጥ ከሥራ መልስ ዓይናችን እየተከደነ ቤንያኒም የምናጠና ሰዎች ይሄን ማወቅ ሳይጠቅመን አይቀርም።

በዚያን ዘመን የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች ጎንደር አካባቢ ገብተው ቤተ እስራኤልን ከኦሪት ለማውጣት ይሠሩ ነበር። በ1864 ረቢ ዓዝርኤል ሂልደስሃይመር ወንድሞቻችን እየጠፉ ነውና እንድረስላቸው ብለው ለአውሮፓ አይሁድ ጥሪ አስተላለፉ። ፓሪስ የነበረው የአሊያንስ ማኅበር በ1867 ሃሌቪን ላከ። ጊዜው ክፉ ጊዜ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ፈረንጆችን አስረዋል፣ የእንግሊዝ ጦር ሊዘምት ነው፤ መቅደላ የወደቀችው በሚያዝያ 1868 ነው። ሃሌቪ በምጽዋ ገብተው ዋናውን መንገድ ትተው በምዕራቡ ቆላ ዞሩና በወልቃይት በኩል ወገኖቻችን ዘንድ ደረሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም መገመት እንችላለን። ነጭ ሰው መጥቶ እኔም እንደናንተ ነኝ ቢል ማን ያምናል? በዚያን ዘመን ወደ እነሱ ይመጣ ከነበረው ነጭ ብዙው ሚሲዮን ነበር። የኛ ሰዎች በዓለም ላይ ከነሱ ሌላ አይሁድ መኖሩን አያውቁም ነበርና ተጠራጠሩ። ሃሌቪ ራሳቸው እንደተረኩት ልባቸው የተከፈተው የኢየሩሳሌም ስም ሲነሣ ነው። ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ፤ ስለ ከተማይቱና ስለ ቤተ መቅደሱ ይጠይቋቸው ጀመር።

ከዚያ ጉዞ የግዕዝ ጸሎቶችን ይዘው ተመለሱ። በ1877 የቤተ እስራኤልን ጸሎት በግዕዝ ከዕብራይስጥ ትርጉም ጋር ፓሪስ ላይ አሳተሙ። በ1902 ደግሞ ትእዛዘ ሰንበትን አሳተሙ። ቄሶቻችን በቃላቸው የያዙትና በብራና የጠበቁት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ቤት ፊደል የታየው በእሳቸው እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። በ1879 በፓሪስ የከፍተኛ ጥናት ትምህርት ቤት የግዕዝ መምህርነት ወንበር አገኙ። ይሄ ትልቅ ክብር ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል፤ ጸሎቱን ያሰሟቸው፣ መጽሐፉን ያሳዩአቸው ቄስ ማን ነበሩ? ወንበሩ የግዕዝ ወንበር ነው፤ ግዕዙን ያቆዩት ግን ደብተራውና ቄሱ ናቸው። ለነሱ ማዕረግ የሰጠ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም።

ሃሌቪ ስለ ቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት እንዲከፈት በሪፖርታቸው ጠይቀው ነበር። አሊያንስ ግን ዝም አለ። ዝምታውም ረጅም ዓመታት ቆየ። የሪፖርታቸው ዝና ግን ለሌላ ጉዞ በር ከፈተላቸው፤ የፈረንሳይ አካዳሚ ጥንታዊ የድንጋይ ጽሕፈቶችን እንዲሰበስቡ ወደ የመን ላካቸው።

በ1869 እና 1870 የተደረገው ይህ ጉዞ ነው ሃሌቪን በሊቃውንት ዓለም ያስጠራቸው። የሄዱት ከኢየሩሳሌም እንደመጣ ምጽዋት ሰብሳቢ ድሀ ረቢ መስለው ነው። ብልሃት ነበረው። የየመን ጎሳዎች አይሁዳዊን መሣሪያ የማይዝ፣ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ነው ብለው ስለሚያዩት መንገድ ይለቁለታል፤ ሌላ ፈረንጅ ቢሆን ይገደል ነበር። ሰንዓ ላይ መንገድ መሪ አገኙ። ስማቸው ሐይም ሐብሹሽ፣ ሥራቸው መዳብ መቀጥቀጥ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ፕሮፌሰሩን አንቱ ብዬ መዳብ ሠሪውን አንተ ልል አልፈለግሁም። የእጅ ባለሙያ ምን ተብሎ ይጠራ እንደነበር አገራችን ላይ አይተነዋልና።

ሁለቱ በጀውፍ በረሃ፣ በናጅራን፣ በማሪብ ዞሩ። ከአውሮፓ የተነሣ መንገደኛ ናጅራንን ሲያይ ከሮማውያን ዘመቻ በኋላ፣ ማለትም ከ1,900 ዓመት ገደማ ወዲህ፣ ሃሌቪ የመጀመሪያው ናቸው ይባላል። የአገሩ ሰው ድንጋይ የሚያገላብጥ ሁሉ የተቀበረ ወርቅ ፈላጊ ይመስለው ነበርና ሥራው በፍርሃት ነው የሚሠራው። ሐብሹሽ የአገሩን አነጋገርና ልማድ ያውቃሉ፤ ከድንጋዩ ላይ ፊደሉን እያዩ ወደ ወረቀት ይገለብጣሉ። ያ የሳባ ፊደል ደግሞ ለኛ ባዕድ አይደለም። የሓ ያለውን ጥንታዊ ሕንፃ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የግዕዝ ፊደላችን ዘመድ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለን ስንቆጥር ከዚያው ግንድ ነው።

ሃሌቪ 686 ጽሕፈቶች ይዘው ፓሪስ ገቡ። አካዳሚው ተደነቀ፤ የሳባን ቋንቋ ሰዋስው መልክ ያስያዙ ሰው ተባሉ። በሪፖርታቸው ውስጥ ግን የሐብሹሽ ስም አልተጠቀሰም። ለምን? አንዳንዱ ያኔ ልማዱ ነው ይላል፤ መንገድ መሪ እንደ በቅሎ ነበር የሚቆጠረው። እኔ ግን ልማድ ነው ማለት ምክንያት ሆኖ አይታየኝም። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሌላ የየመን አጥኚ፣ ኦስትሪያዊው ኤድዋርድ ግላዘር፣ ሐብሹሽ የጉዟቸውን ታሪክ እንዲጽፉ አደረጓቸው። እሳቸውም በሰንዓ አረብኛ ጻፉ፤ ከጽሕፈቶቹ አብዛኛውን የገለበጡት ራሳቸው መሆናቸውንም አልደበቁም። መጽሐፉ ቀልድም ትዝብትም የሞላው ነው። ድሀ ረቢ መስለው ከሚሄዱት ምሁር ጋር ስለነበራቸው መነታረክ ጭምር ይተርካል።

ሃሌቪ በፓሪስ ሌላም ስም አተረፉ፤ ይሄኛው ግን አልበጃቸውም። ከ1874 ጀምሮ ሱመሪኛ የሚባል ቋንቋ የለም፣ የባቢሎን ካህናት የፈጠሩት የምሥጢር አጻጻፍ ነው ብለው ተከራከሩ። ከመሬት ሥር አዳዲስ ጽሑፎች እየወጡ፣ ሌሎች ሊቃውንት ቋንቋውን አንብበው ሰዋስዉን ሲያሳትሙ፣ እሳቸው እስከ መጨረሻው አልተመለሱም። ክርክራቸውን የሚያወጡበት መጽሔት ሳይቀር በ1893 አቋቁመው ነበር። መቼም ሊቅም ሰው ነው።

ለኛ የጠቀመን ግን ተማሪያቸው ነው። ዣክ ፋይትሎቪች የሚባሉ የፖላንድ ልጅ ከሃሌቪ ዘንድ ግዕዝና አማርኛ ተምረው፣ መምህራቸው ያዩትን ሰምተው፣ በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ሄዱ። ታምራት አማኑኤልን ይዘው የተመለሱት እሳቸው ናቸው። ሃሌቪ የጠየቁት ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1920ዎቹ ነው። ጥያቄው ከቀረበ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር። ሃሌቪ አላዩትም፤ በ1917 ፓሪስ ላይ ሞተዋል።

በቅርቡ አንድ የየመን ተወላጅ ጎረቤቴን ስለ ሐብሹሽ ጠየቅኋቸው። ሃሌቪ የሚለውን ስም ከጠራሁ በኋላ ሳቅ ብለው፣ እኛ ዘንድ የሚታወቀው ሌላኛው ነው አሉኝ። እኔም ለእሳቸው ወልቃይትን ነገርኳቸው፤ ሃሌቪ የኛንም ቤት እንዳዩ አያውቁም ነበር። ቡና ጠጥተን ተለያየን።

ሐብሹሽ የሞቱት በ1899 ነው፤ የጻፉት ታትሞ አላዩም። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የነበሩት ጎይታይን የአረብኛውን ጽሑፍ በ1941 ኢየሩሳሌም ላይ አሳተሙት። በመጽሐፉ ርዕስ ላይ የሃሌቪም የሐብሹሽም ስም ተጽፏል፤ ተራኪው ግን ሐብሹሽ ናቸው።