የሐኪም ወርቅነህ መሄድና መመለስ

በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከአገር ሲወጡ ማንም አላማከራቸውም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ከወላጆቻቸው ተለይተው የተገኙ የሦስት አራት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ቻርልስ ቻምበርሌይን የተባለ የእንግሊዝ ኮሎኔል ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እሱ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ዶክተር ቻርልስ ማርቲን የተባሉት በሁለቱ መኮንኖች ስም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። በስኮትላንድም ተጨማሪ ተምረው በርማ ውስጥ ለእንግሊዝ መንግሥት ይሠሩ ጀመር። ደመወዙም ጡረታውም የማያሳስብ ሥራ ነው።

የአድዋ ድል ወሬ የደረሳቸው በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 አዲስ አበባ ገቡ፤ አማርኛ ግን አይችሉም። አያታቸው በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩአቸው፤ ወርቅነህ መባላቸውንም ያን ጊዜ አወቁ። የሠላሳ ዓመት ጠባሳ መታወቂያ ሆነ ማለት ነው።

ታሪኩን ሲያወሩልን ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ያቆሙታል፤ የጠፋው ልጅ ተመለሰ፣ አለቀ። አላለቀም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ወደ በርማ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1908 እንደገና መጡ፣ ያውም የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው። ደግሞም ሄዱ። ጠቅልለው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1919፣ ሃምሳን አልፈው፣ ጡረታ ሲወጡ ነው። ይሄን እንደ ወላዋይነት የሚቆጥር አይጠፋም። እኔ አልቆጥረውም፤ የራሱ ገቢ ያለው ሰው ደጅ ሳይጠና መሥራት ይችላል። በየባቻችን ቴሌግራም ግሩፕ እገሌ ሄደ፣ እገሊት ቀረች እያልን ስንቆጥር፣ እሳቸውን የት እንደምንመድባቸው አላውቅም።

ከተመለሱ በኋላ ፍልውሃን አስተዳደሩ፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መሩ፣ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉ፣ ጨርጨርን ገዙ። ኢጣሊያ ስትወረን ለንደን ውስጥ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ፤ ለአገራቸው እርዳታ ይለምኑ ነበር።

ልጆቻቸው ቢኒያምና ዮሴፍ ግን አገር ቤት ነበሩ። ሁለቱም እንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩ ናቸው። ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰለፉ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ገደሏቸው። የአባትየው ዓይነት ሄዶ መመለስ፣ ጊዜ መጠበቅ ለእነሱ አልነበረም። እኔ የሐኪም ወርቅነህን ሕይወት ሳነብ የሚከብደኝ የበርማው ዘመን ሳይሆን ይሄ ነው፤ ልጆቻቸው ሲሞቱ እሳቸው በባዕድ አገር በሰላም መቀመጣቸው። ጥፋታቸው አይደለም፤ የተላኩበት ሥራ ነው። ግን ለአባት እንዲህ ያለው ማስረጃ ምን ያደርግለታል?

ከለንደን ወደ ሕንድ ተሻገሩ። አገር ነጻ ስትወጣ ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ እዚያው ባደጉበት ምድር አርፈው ቢቀመጡ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ልጆቻቸው ወደሌሉባት አዲስ አበባ ተመለሱ፤ አሥር ዓመት ኖረውም እዚያው አረፉ።