ለአለርጂ ስም ያወጡለት ሐኪም፦ ክሌሜንስ ፎን ፒርኬ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ገበያዎች ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥና ማሾ ከታሸገ ብስኩትና ከዱቄት ወተት ጎን ለጎን ይሸጣሉ። አብዛኛው ሰው ሁሉንም ያለ ስጋት ይመገባል። ለአንዳንዱ ግን ጥቂት ኦቾሎኒ ወይም ወተት እንኳ ቆዳን ያሳክካል፣ ከንፈርን ያሳብጣል፣ ሲከፋም ትንፋሽ ያሳጥራል። በተለምዶ አልተስማማኝም ተብሎ ለሚታለፈው ለዚህ ሕመም መጠሪያ የሆነውን አለርጂ የሚለውን ቃል ያስገኙት ኦስትሪያዊው የሕፃናት ሐኪም ክሌሜንስ ፎን ፒርኬ ናቸው።

ፒርኬ እ.ኤ.አ. በ1874 በቪየና አቅራቢያ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለዱ። አስቀድመው ነገረ መለኮትንና ፍልስፍናን ተምረው ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ሕክምና ተሻግረው በ1900 በግራትስ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። በቪየና ሕፃናትን ሲያክሙ ለዲፍቴሪያ ሕመም ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ሴረም ይሰጥ ነበር። እርሳቸውና ባልደረባቸው ቤላ ሺክ መድኃኒቱን ለሁለተኛ ጊዜ ከወሰዱት መካከል አንዳንዶቹ ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጥነውና በርትተው እንደሚታመሙ አስተዋሉ። ሰውነት ቀድሞ ለተዋወቀው ባዕድ ነገር የሚሰጠው ምላሽ እንደሚለወጥም ተገነዘቡ። ፒርኬ ይህን የተለወጠ ምላሽ በ1906 ሌላ እና ሥራ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት አለርጂ ብለው ሰየሙት።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኦስትሪያ በምግብ እጥረት ስትጎዳ፣ በአሜሪካ እርዳታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን የመመገቡን ሥራ መሩ። የምግብን ኃይል ከአንድ ግራም ወተት ጋር በማነጻጸር የሚመዝን መለኪያም አዘጋጁ። ሕይወታቸው በ1929 አለፈ። መለኪያቸው የነበረው ወተት ዛሬ ኮዴክስ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በገላጭ ጽሑፍ ላይ እንዲገለጹ ከሚጠይቃቸው አለርጂ አስነሺ ምግቦች አንዱ ነው። ኦቾሎኒ፣ እንቁላል፣ ዓሣ እንዲሁም እንደ ስንዴና ገብስ ያሉ ግሉተን ያለባቸው እህሎችም በዚሁ ዝርዝር ይገኛሉ።

ለአንዱ ሲሳይ የሆነው ለሌላው አደጋ ሊሆን ስለሚችል፣ በታሸገ ምግብ ላይ የሚሰፍረው ጽሑፍ እውነተኛ መሆን አለበት። በአገራችንም በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ገላጭ ጽሑፍ ያለበትን ምግብ ለገበያ ማቅረብ የተከለከለ ነው።

በመሆኑም እርስዎ ወይም ልጅዎ የምግብ አለርጂ ካለባችሁ፣ ከመግዛትዎ በፊት የይዘት ዝርዝሩን ያንብቡ፤ ማንበብ ለማይችል የቤተሰብ አባልም ያንብቡለት። ሳይታሸግ የሚሸጥ ምግብ ገላጭ ጽሑፍ ስለሌለው፣ ከምን እንደተዘጋጀና ወፍጮው ሌላ ምን እንደሚፈጭበት ሻጩን ይጠይቁ። ከምግብ በኋላ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይሂዱ። አጠራጣሪ ገላጭ ጽሑፍ ሲያጋጥምዎ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ያሳውቁ።